ዓሣው ይምረጥ ወይስ አጥማጁ? የሚሲሲፒ ሐይቆች የበጋ ሙግት

ለእኛ ሐምሌ ጃንጥላና ጭቃ ነው። በአሜሪካዋ ሚሲሲፒ ግዛት ግን ሐምሌ እሳት ነው። የሐይቁ ውሃ ሳይቀር ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። በጸደይ ወራት የሐይቁን ዳርቻ ሞልቶት የነበረው ዓሣ አጥማጅ በዚህ ጊዜ ‹‹በቃ፣ ዓሣው ጠፋ›› ብሎ ዘንጉን ይሰቅላል። የጠፋ ነገር ግን የለም። ክራፒ የሚባለው ዓሣ ዳሩን ለቆ ወደ መሃል ገብቷል፣ ሦስትና አራት ሜትር ወርዷል፣ እዚያም እንደ ልማዱ ትናንሽ ዓሣዎችን እያሳደደ ይበላል።

እሱን ፍለጋ ጀልባቸውን ከሰው እርምጃ ባነሰ ፍጥነት እያዘገሙ፣ ከኋላቸው ስምንት ክር እየጎተቱ የሚውሉ ሰዎች አሉ። ፈረንጆቹ ነገሩን ትሮሊንግ ይሉታል። ከሩቅ ላየው ሥራ የፈታ ሰው ሽርሽር ይመስላል። ቀረብ ሲሉት ግን ሒሳብ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የክርክር ሜዳም ሆኗል።

የድሃው ዓሣ ወደ ሻምፒዮና

ክራፒ ግዙፍ ዓሣ አይደለም። አብዛኛው ከአንድ ኪሎ በታች ነው። ከጫሞ ናይል ፐርች ጎን ቢያስቀምጡት ለቁርስም አይበቃም፤ በመጠኑ የሚቀርበው ለእኛው ቆሮሶ ነው። ነጭና ጥቁር የሚባሉ ሁለት ዝርያዎች አሉት። ሥጋው ነጭና ለስላሳ ስለሆነ በዱቄት ተለውሶ፣ በዘይት ተጠብሶ ይበላል። የሉዊዚያና ሰዎች በፈረንሳይኛቸው የወተት ከረጢት ብለው ይጠሩታል። ነጩን ክራፒ እ.ኤ.አ. በ1993 የግዛታቸው ዓሣ እንዲሆን በሕግ አጽድቀውታል።

ክራፒ ለብዙ ትውልድ የድሃ ዓሣ ነበር። አንድ ሸምበቆ፣ አንድ ክር፣ አንድ መንጠቆና ለማባበያ የምትሆን አንዲት ትንሽ ዓሣ ያለው ሰው ለቤተሰቡ እራት ይዞ ይገባል። ጀልባም ሞተርም አያስፈልገውም። ዛሬ ግን የገንዘብ ሽልማት ያለው ውድድር ይካሄድበታል። በሺህ ዶላሮች የሚገዛ መሣሪያ የተሸከሙ ጀልባዎችም ይሰለፉበታል።

የዚህ ስፖርት አንዱ መዲና ሰሜን ሚሲሲፒ ነው። ከሜምፊስ ወደ ጃክሰን በሚወርደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ አርካቡትላ፣ ሳርዲስ፣ ኢኒድ እና ግሬናዳ የሚባሉ አራት ሐይቆች አሉ። አንዳቸውም የተፈጥሮ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1927 የሚሲሲፒ ወንዝ ገንፍሎ አገር ምድሩን ካጥለቀለቀ በኋላ፣ መንግሥት ጎርፍ ለመከላከል ካሠራቸው ግድቦች የተፈጠሩ ናቸው። ሳርዲስ በ1940፣ አርካቡትላ በ1943፣ ኢኒድ በ1952፣ ግሬናዳ በ1954 ተጠናቀቁ። ውሃቸው ድፍርስ ነው፣ ያን ያህልም ጥልቅ አይደለም። የዓሣ ምግብ ግን ሞልቶታል። በተለይ ግሬናዳ 3 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 1.4 ኪሎ በሚመዝኑ ክራፒዎቹ ስሙ ገንኗል።

የነጭ ክራፒ የዓለም ሪከርድም የእነዚሁ ሐይቆች ልጅ ነው። ፍሬድ ብራይት የተባለው አጥማጅ ኢኒድ ግድብ ላይ 5 ፓውንድ ከ3 አውንስ፣ ወይም 2.35 ኪሎ የሚመዝን ዓሣ ያወጣው እ.ኤ.አ. ጁላይ 31 ቀን 1957 ነበር። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 24 መሆኑ ነው። ‹‹በሙቀት ዓሣ የለም›› የሚሉትን ሰዎች አፍ የሚያስይዝ ቀን! የጥቁር ክራፒ ሪከርድ እ.ኤ.አ. በ2018 ቴነሲ ውስጥ በሚገኝ ኩሬ ላይ ሲሰበር፣ የብራይት ሪከርድ ግን ከስልሳ ዓመት በላይ ሳይነቃነቅ እንደቆመ ነው።

ማባበያው፣ ክሩና ፍጥነቱ

ታዲያ በሐምሌ የወረደውን ዓሣ እንዴት ያገኙታል? ክራንክቤት በሚባል ማባበያ ነው። ክራንክቤት ትንሽ ዓሣ እንዲመስል ከፕላስቲክ ወይም ከእንጨት የተሠራ፣ ብዙውን ጊዜ ባለሦስት ጣት መንጠቆ ከሆዱና ከጭራው የተንጠለጠለበት ነገር ነው። ከአፉ ሥር እንደ ማንኪያ የወጣ ምላስ አለው። ጀልባዋ ስትጎትተው ውሃው ምላሱን ይገፋዋል፣ ማባበያውም እየተንቀጠቀጠ ወደ ታች ይጠልቃል። ጀልባዋ ስትቆም አብዛኛው ዓይነት ቀስ እያለ ተመልሶ ይንሳፈፋል።

ጨዋታው ያለው እዚህ ላይ ነው። ማባበያው ስንት ሜትር ይውረድ? ምላሱ ረጅምና ሰፊ ከሆነ ይበልጥ ይጠልቃል። ብዙ ክር ከተለቀቀለት፣ እስከተወሰነ ልክ ድረስ፣ አሁንም ይጠልቃል። ክሩ ከወፈረ ደግሞ ውሃው ክሩን ስለሚይዘው ከፍ ይላል። በሚሲሲፒ ሐይቆች ስሙ ከአፍ የማይጠፋው ባንዲት 300 የሚባለው ማባበያ ነው። ተወርውሮ ሲጎተት ከ8 እስከ 12 ጫማ፣ ማለትም ከ2.4 እስከ 3.7 ሜትር ይወርዳል። ከጀልባ ኋላ ረዘም ያለ ክር ሲለቀቅለት ከዚያም ዝቅ ሊል ይችላል። በድፍርሱ ውሃ ውስጥ እንዲታይም ደማቅ ቀለም፣ በተለይ ሮዝ ይመረጣል።

አጥማጁ ስለ አንድ ሜትር ይህን ያህል የሚጨነቀው ያለ ምክንያት አይደለም። የክራፒ ዓይን ወደ ላይ ያዘነበለ ነው፤ አድፍጦ የሚጠብቀውም ከበላዩ የሚያልፈውን ነው። ዓሣው 4 ሜትር ላይ ሆኖ ማባበያው 5 ሜትር ላይ ካለፈ፣ ከተከላካይ ጀርባ እንዳለፈች ኳስ ነው፤ አላየውም። 3 ሜትር ተኩል ላይ ካለፈ ግን ተነስቶ ይነክሳል። ለዚህ ሲባል የተለቀቀውን ክር በቁጥር የሚያሳይ መጠቅለያ ይጠቀማሉ። አንዱ ዘንግ ዓሣ ሲይዝ ቁጥሩን አይተው የቀሩትንም ወደዚያው ያስተካክላሉ።

ፍጥነቱም እንደዚያው ነው። የተለመደው በሰዓት ከ1.5 እስከ 2 ማይል፣ ማለትም ከ2.4 እስከ 3.2 ኪሎ ሜትር ነው። በእግሩ የሚሄድ ሰው ጥሏት ይሄዳል።

አሰላለፉ

ስምንት ዘንግ ከአንዲት ጀልባ ላይ ሲደረደር ክሮቹ እርስ በርስ ተጠላልፈው ቀኑን ሙሉ ሲፈቱ መዋል አለ። መፍትሔው አሰላለፍ ነው። ከአራት ሜትር በላይ የሚረዝሙት ዘንጎች እንደ ክንፍ ተጫዋች ዳርና ዳር ይወጣሉ፣ አጫጭሮቹ መሃሉን ይይዛሉ። ለአንድ ሰው ስንት ዘንግ እንደሚፈቀድ የየግዛቱና የየሐይቁ ደንብ ስለሚወስነው፣ አሰላለፉ ከመውጣቱ በፊት ደንቡ ይነበባል።

የበሰሉት አጥማጆች ቀጥ ብለው አይነዱም። ጀልባዋን እንደ እባብ ያጣምሟታል። ጀልባዋ ወደ ግራ ስትዞር በቀኝ በኩል ያሉት ማባበያዎች ሰፊውን ዙር ስለሚሄዱ ይፈጥናሉ፤ የግራዎቹ ይዘገያሉ። ዓሣው የቀኙን ከነከሰ ‹‹ፍጥነት ጨምሩ›› ማለቱ ነው። የግራውን ከነከሰ ደግሞ ‹‹ቀስ በሉ›› እያለ ነው። አንድ ጥሩ አሰልጣኝ በመጀመሪያው አጋማሽ ተጋጣሚውን እንደሚያነበው መሆኑ ነው።

ዘንጉ ሲጎብጥ ቸኩሎ መንጨት የጀማሪ ስህተት ነው። የክራፒ ከንፈር እንደ ወረቀት ስስ ስለሆነ ይቀደዳል። ጀልባዋ ራሷ እየተጓዘች መንጠቆውን ስላስገባችው አጥማጁ ረጋ ብሎ ይጠቀልላል፣ በመጨረሻም በመረብ ያነሳዋል። አንዳንዴ ደግሞ ‹‹ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል›› እንዲሉ፣ ለክራፒ በተዘረጋው ክር ላይ ትልቅ አምባዛ ይገባና ስምንቱንም አንድ ላይ ገምዶ ቁጭ ያደርገዋል።

ሙግቱ

እ.ኤ.አ. በ2018 ጋርሚን የተባለው ኩባንያ ላይቭስኮፕ የሚባል መሣሪያ ገበያ ላይ አወጣ። ድሮም ዓሣ የሚጠቁም መሣሪያ ነበር፤ ትሮሊንግ የሚያደርጉትም ጥልቀቱን ለማወቅ ይጠቀሙበታል። አዲሱ ግን ከጀልባዋ ፊት ለፊት ያለውን ዓሣ ሲንቀሳቀስ በቀጥታ ያሳያል። አጥማጁ ስክሪኑን እያየ ትንሹን ትቶ ትልቁን ይለያል፣ ማባበያውን አፍንጫው ላይ ያወርድለታል፣ እምቢ ካለም ይከተለዋል።

ተቃዋሚዎቹ ‹‹ይሄ አደን እንጂ ማጥመድ አይደለም›› ይላሉ። በትሮሊንግ ሰውየው ጥልቀቱን፣ ፍጥነቱንና ቀለሙን ያቀርባል፤ የሚመርጠው ዓሣው ነው። በስክሪኑ ግን የሚመርጠው ሰውየው ነው፤ የሚመርጠውም ለመራባት የደረሱትን ትላልቆቹን ነው። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ዓሣውን ማየት ብቻውን አያስነክሰውም ይላሉ፤ ችሎታ አሁንም ያስፈልጋል፣ ስፖርትም ከመሣሪያ ጋር አብሮ ያድጋል ባይ ናቸው። ክርክሩ በክራፒ ላይ ብቻ አልቀረም። ባስ የተባለውን ዓሣ በማጥመድ የሚወዳደረው ናሽናል ፕሮፌሽናል ፊሺንግ ሊግ መሣሪያውን እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ከውድድሮቹ አግዶታል።

እውነቱን ለመናገር ግን የትሮሊንግ ሰዎችም እጃቸው ንጹሕ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ስምንት ክር ቀኑን ሙሉ የሚጎትት ጀልባ ትንሹንም ትልቁንም ይሰበስባል። ደንቡ ከሚፈቅደው ርዝመት በታች የሆነው ይመለሳል ቢባልም፣ ሙቅ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን አነስተኛ ነው። በሐምሌ ከጥልቁ ተጎትቶ የወጣ፣ በባለሦስት ጣት መንጠቆ የተጎዳ ዓሣ የመትረፍ ዕድሉ በቀዝቃዛው ወራት እንደሚያዘው አይደለም። ‹‹ለቅቄዋለሁ›› ማለት ‹‹ድኗል›› ማለት አይደለም።

ስለዚህ ‹‹ዓሣው ይምረጥ›› የሚለው ወገን ክርክሩን የሚያሸንፈው በአፉ ሳይሆን በጀልባው ላይ በሚሠራው ነው። የተፈቀደለት ቁጥር ሲሞላ ክሩን ሰብስቦ ቢወጣ፣ ትናንሾቹ ብቻ የሚነክሱበት ቦታ ሲገጥመው ዓሣ እየለወጠ ከመዋል ቦታ ቢቀይር፣ መንጠቆውንም ዓሣው ውሃ ውስጥ እንዳለ ቢያወልቅ ክርክሩ ሚዛን ይደፋለታል። ይሄን የማያደርግ ከሆነ ስክሪን ከሚያየው ሰው የሚለየው በጀልባው ዝግታ ብቻ ነው።