ነደደ ወይስ ፈነዳ?

ስለ ኬሚስትሪ ልንጽፍ መነሣታችንን ሲያዩ የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን እንደሚስቁብን እናውቃለን። ይሁን እንጂ ጉዳዩ የቃል ትርጉም ጉዳይ ስለ ሆነ እኛም የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ድርሻ አለን። በአሜሪካ አገር የሮኬት አማተሮችና መንግሥት «ፈንጂ» ስለሚለው ቃል ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተሟግተዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን።)

ነገሩ ከሩቅ ይጀምራል። በ1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ወደ ሰማይ ከላከች በኋላ ብዙ አሜሪካውያን ወጣቶች በየጓሮው ሮኬት ለመሥራት ተነሡ። ቧንቧ ውስጥ የሚነድ ነገር ሲጠቀጥቁ የተጎዱ ጥቂቶች አልነበሩም። ስለዚህ በፋብሪካ የተሠራ፣ በካርቶን ቱቦ የታሸገ ትንሽ ሞተር ለገበያ ቀረበ። ልጁ የሮኬቱን አካል ከወረቀትና ከቀላል እንጨት ይሠራል፤ ሞተሩን ግን ይገዛል። የሚገዛ ነገር ደግሞ ከፋብሪካው እስከ ገዢው ድረስ መላክ አለበት፤ ጣጣውም ከዚህ መጣ።

ልጆቹ አድገው ሮኬቱም አብሮ አደገ። ለትልልቆቹ ሞተሮች የተመረጠው ነዳጅ አሞኒየም ፐርክሎሬት የሚባለው ጨው ጎማ ከመሰለ ማጣበቂያና ብዙ ጊዜም ከአሉሚኒየም ዱቄት ጋር ተቦክቶ የሚደርቅ ነው። የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩሮች በጎናቸው ይዘዋቸው ይነሡ የነበሩት ሁለት ነጫጭ ሮኬቶችም በዚሁ ዓይነት ነዳጅ ይሠሩ ነበር። የአልኮል፣ የትምባሆ፣ የጦር መሣሪያና የፈንጂ ጉዳይ ቢሮ ይህን ነዳጅ ከፈንጂዎች መዝገብ አገባው። በ2002 የወጣው ሕግ ሲጨመርበት ደግሞ ትልቁን ሞተር የሚገዛ ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ፣ አሻራ እንዲሰጥ፣ ያለፈ ታሪኩም እንዲመረመር ግድ ሆነ።

ሁለቱ የአማተሮች ማኅበራት ግን ቀደም ብለው በ2000 ክስ መሥርተው ነበር። የ1970ው ሕግ ፈንጂ የሚለው ዋነኛ ወይም የተለመደ አገልግሎቱ በመፈንዳት መሥራት የሆነውን ነገር ነው። እንግዲህ ሮኬት የሚነሣው ነዳጁ ከዳር እየነደደ፣ ጋዙም በጠባብ ቀዳዳ እየወጣ ሲገፋው ነው፤ ሞተሩ ከፈነዳ ሮኬቱም የለም። በአማርኛ ክብሪት ይነዳል፣ ጎማ ይፈነዳል፣ አበባም ይፈነዳል እንላለን፤ ማንም ግን አበባን ከፈንጂ አይቈጥረውም። ቢሮው በበኩሉ ነዳጁ ከተራ መንደድ በበለጠ ፍጥነት ስለሚቃጠል ፈንጂ ነው ሲል ተከራከረ። ፍርሃቱንም ከንቱ ነው አንልም፤ በ1988 በኔቫዳ፣ ሄንደርሰን ላይ የአሞኒየም ፐርክሎሬት ፋብሪካ ፈንድቶ ሁለት ሰዎች ሞተዋል። ሆኖም ያ ጨው ብቻውን በብዛት የተከማቸ ነበር፤ የጎማው ቡኮ ሌላ ነው።

በየካቲት 2006 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የሰጠው ፍርድ ደስ ይለናል። ዳኞቹ ነዳጁ ፈንጂ ነው ወይም አይደለም አላሉም። መንደድን ከዚህ ፈጣን ቃጠሎ የሚለየው ፍጥነት ከሆነ ፍጥነቱ ስንት ነው? ሲሉ ጠየቁ። ቢሮው ወሰኑን የሚያሳይ ቍጥር አላቀረበም ነበርና ጉዳዩ ተመለሰ። በመጋቢት 2009 ዳኛ ሬጂ ዋልተን ነዳጁ ከፈንጂዎች መዝገብ እንዲወጣ ፈረዱ። ባለሥልጣን ሊቅ ስለ ሆነ ብቻ ቃሉ አይታመንለትም፤ ምክንያቱን ማሳየት አለበት ማለት ነው።

አማተሮቹ ረቱ፤ ይሁን እንጂ ሣጥኑ ላይ ያለው የአደጋ ምልክት አልተነሣም። የሚልከው ሰው የሚገዛው በሌላ መሥሪያ ቤት፣ ማለት በትራንስፖርት ሚኒስቴር ደንብ ነው። ይህ ደንብ የተባበሩት መንግሥታትን አመዳደብ የሚከተል ሲሆን ነገሩ ለምን ተሠራ ብሎ ብቻ አይተውም፤ ሣጥኑ እሳት ቢይዘው ምን ይሆናል? ብሎም ይጠይቃል። ለዚህም ጥቅሉን በእሳት ላይ አድርጎ የመፈተን ሥርዓት አለ። እንደ ውጤቱ ሞተሩ አንደኛ ክፍል ከሆኑት ፈንጂዎች ወይም አራተኛ ክፍል ከሆኑት ተቀጣጣይ ጠጣር ነገሮች ጋር ይመደባል።

አንዳንድ አማተሮች ይህንንም እንደ በደል ሲቈጥሩት አልተስማማንም። በግንቦት 1996 አንድ የቫሉጄት አውሮፕላን ከማያሚ ተነሥቶ ጥቂት ደቂቃ እንደ በረረ በፍሎሪዳ ረግረግ ወድቆ 110 ሰዎች አልቀዋል። እሳቱ የተነሣው በዕቃ ክፍል ከተጫኑ የኦክስጅን ማመንጫዎች ነው። ማመንጫ የሚሠራው ሰው እንዲተነፍስ እንጂ እንዲፈነዳ አይደለም፤ ሲሠራ ግን እጅግ ይግላል። በመላኪያ ሰነዱ ላይ «ባዶ» የሚል ቃል ተጽፎ ነበር።

አሁን በዚያ አገር ከዚህ ነዳጅ የተሠራ ሞተር ለመግዛት የፈንጂ ፈቃድ አይጠየቅም። ሞተሩ ግን የአደጋ ምልክት ተለጥፎበት በመኪና ይመጣል፤ አመላላሹ ድርጅትም ከተለመደው ዋጋ በላይ ልዩ ክፍያ ያስከፍላል። አማተሮቹም ክፍያውን ለመካፈል ብዙ ሆነው በአንድ ጊዜ ያዝዛሉ።