የማሳወቅ መብት እና የማሳወቅ ግዴታ፦ በግል ትምህርት ቤቶች በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ጥቃት ጥቆማ

በግል ትምህርት ቤት ተቀጥሮ የሚያስተምር መምህር የሥራ ባልደረባው በአንዲት ተማሪ ላይ ጾታዊ ጥቃት መፈጸሙን ቢያውቅ ለፖሊስ የማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታ አለበትን? ብዙ ሰው፣ መምህራንም ጭምር፣ መልሱ ያለ ጥርጥር «አዎን» እንደሆነ ይገምታል። የኢትዮጵያ ሕግ ግን ይህን ያህል ቀጥተኛ መልስ አይሰጥም።

ለዐሥርት ዓመታት ሲሠራበት የቆየው የ1954 ዓ.ም. የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ ወንጀሉ ሲፈጸም በዓይኑ ያየም ሆነ ያላየ፣ የማመልከት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ግዴታ የሚኖረው ግን ሕግ ለይቶ ባመለከታቸው ጉዳዮች ብቻ ነው። እነዚህ ጉዳዮች የትኞቹ እንደሆኑ ለማወቅ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 443ን መመልከት ያስፈልጋል። አንቀጹ ያለ በቂ ምክንያት ዝም ያሉ ሁለት ዓይነት ሰዎችን ይቀጣል። አንደኛው በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል መፈጸሙን ወይም የፈጻሚውን ማንነት እያወቀ ያላሳወቀ ሰው ነው። ሁለተኛው ለሕዝብ ደኅንነት ወይም ሥርዓት ሲባል አንዳንድ ወንጀሎችን ወይም ከባድ ጉዳዮችን እንዲያሳውቅ በሕግ ወይም በሙያው ደንብ ተገድዶ ሳለ ያላሳወቀ ነው። ቅጣቱ ከ1000 ብር መቀጮ ወይም ከስድስት ወር ቀላል እስራት አይበልጥም።

ክፍተቱ የሚታየው ይህ ድንጋጌ በሕፃናት ላይ ከሚፈጸሙ ጾታዊ ወንጀሎች ጋር ጎን ለጎን ሲነበብ ነው። ዕድሜያቸው ከ13 ዓመት በታች በሆኑ ልጆች ላይ የሚፈጸመው ጥቃት በአንቀጽ 627 መሠረት እጅግ ከባድ ቅጣት ያለውና፣ ብርቱ ጉዳት ባስከተለ ጊዜ እስከ ዕድሜ ልክ የሚደርስ ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ባሉት ላይ ሲፈጸም ግን አንቀጽ 626 በመሠረቱ ከ3 እስከ 15 ዓመት፣ አድራጊው የተበዳዩ መምህር ወይም አሳዳሪ ሲሆን ደግሞ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ይወስናል። ቅጣቱ ቀላል አይደለም፤ ዕድሜ ልክ ግን አይደለም። ስለዚህ በዚህ የዕድሜ ክልል ያለች ተማሪ በመምህሯ መጠቃቷን ያወቀ ሌላ መምህር በአንቀጽ 443 የመጀመሪያ ክፍል አይገደድም። ይህ የዕድሜ ክልል በግምት ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን ተማሪ የሚያቅፍ መሆኑን ልብ ይሏል።

በገጠሩ ይህ ዕድሜ ሌላ ገጽታም አለው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የወገራ ወረዳ ዋና ከተማ አምባ ጊዮርጊስ ለዚህ ማሳያ ልትሆን ትችላለች። ማሳያ የተደረገችው የተለየ በደል ስለተሰማባት ሳይሆን፣ አቀማመጧ የብዙ የአማራ ክልል ከተሞችን ስለሚመስል ነው። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡ ተማሪዎች ከፍ ወዳለው ክፍል ሲደርሱ ከተማ ገብተው ቤት ይከራያሉ፤ ስንቃቸው በገበያ ቀን ይላክላቸዋል፤ ወላጅ በሳምንት አንድ ቀን ቢያያቸው ነው። በእንዲህ ያለው ኑሮ ከወላጅ ቀድሞ ለውጥ የሚያስተውለው መምህር ይሆናል። ያው መምህር ግን ከትምህርት ቤቱ ባለቤት፣ ከተጠርጣሪው ዘመዶችና ምናልባትም ከፖሊስ አባሉ ጋር በአንድ እድር ወይም በአንድ ሰንበቴ ይገናኛል። ነገሩ ወደ ሽማግሌ ማምራቱ እንግዳ አይሆንም። በአንቀጽ 626 እና 627 የተመለከቱት ወንጀሎች በግል አቤቱታ ላይ የተመሠረቱ ስላልሆኑ እርቁ ክሱን የማስቀረት ሕጋዊ ውጤት የለውም፤ ማስረጃውን ግን ያስቀራል፤ ምስክር አይገኝምና።

ጥቆማ በግለሰብ ፈቃድ ላይ ብቻ ሲንጠለጠል ምን ሊያስከትል እንደሚችል በደቡብ ወሎ የጃሪ የሕፃናት መንደር ታሪክ ያሳያል። መንደሩ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ወላጅ ላጡ ልጆች የተቋቋመ ሲሆን፣ ቴር ደ ዞም ሎዛን በተባለ የስዊዘርላንድ ግብረ ሠናይ ድርጅት ይተዳደር ነበር። የመንደሩ የቀድሞ ኃላፊ በወንዶች ልጆች ላይ ጾታዊ ጥቃት በመፈጸም በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2003 የዘጠኝ ዓመት እስራት ተፈረደበት። ጉዳዩን ይፋ ካወጡት አንዷ ግን ድርጅቱን በሚመለከት በተናገረችው ምክንያት በስም ማጥፋት ተከሳ፣ ይቅርታ እንድትጠይቅ ብትታዘዝም እምቢ በማለቷ ታስራለች። የጥቃቱ እውነትነት በፍርድ መረጋገጡ ተቋሙን የወቀሰችውን ሰው ከእስር አላዳናትም። ጃሪ ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ነገር ግን ልጆች በአንድ ተቋም እጅ የወደቁበት፣ የተቋሙም ስም ከልጆቹ ድምፅ በላይ ሊሰማ የሚችልበት ሁኔታ ከግል ትምህርት ቤት የራቀ አይደለም።

እርግጥ ከዚያ ወዲህ ጥበቃው ተሻሽሏል። የምስክሮችና የወንጀል ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያስቀጡ ወንጀሎች ላይ መረጃ ለሚሰጡ ሰዎች ጥበቃ ሊደረግ እንደሚችል ይደነግጋል፤ አንቀጽ 626ም ጣሪያው ከዚያ ስለሚበልጥ በአዋጁ ሊሸፈን ይችላል። ይሁን እንጂ መምህር አብዛኛውን ጊዜ በእጁ የሚይዘው ወንጀል ሳይሆን ምልክት ነው፦ በሌሊት የሚላክ መልእክት፣ በር ተዘግቶ የሚሰጥ የማጠናከሪያ ትምህርት፣ ያለ ምክንያት ከክፍል የምትቀር ልጅ። በዚህ ደረጃ ያለ ሥጋት የሚነገረው ለፖሊስ ሳይሆን ለርእሰ መምህሩ ነው። የግል ትምህርት ቤት መምህር ደግሞ እንደ መንግሥት መምህር በሲቪል ሰርቪስ ሕግ ሳይሆን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይተዳደራል። አዋጁ በአንቀጽ 26 ሠራተኛው በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ለስንብት ምክንያት እንዳይሆን ይከለክላል። ነገር ግን በ60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ ውስጥ ያለ አዲስ መምህር «ለሥራው ተስማሚ አይደለህም» ቢባል፣ እውነተኛው ምክንያት ጥቆማው መሆኑን ማስረዳት ይከብደዋል።

በዚህ የተነሣ የአንቀጽ 443 ሁለተኛ ክፍል፣ በተለይ «የሙያው ደንብ» የሚለው ሐረግ፣ እስካሁን ከተሰጠው የበለጠ ትኩረት ይገባዋል። መምህራንን በማያሻማ ቃል የሚያስገድድ የሙያ ደንብ ከወጣ፣ መብቱ የወንጀል ሕጉን ሳያሻሽሉ ወደ ግዴታ ሊለወጥ ይችላል። «የሕዝብ ደኅንነት ወይም ሥርዓት» የሚለው ቅድመ ሁኔታ አከራካሪ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የሕፃናትን ደኅንነት በቀዳሚነት ማስቀመጡ ሰፋ ላለው ትርጉም ይደግፋል። የኬንያ የመምህራን አገልግሎት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ሰርኩላር ያደረገው ከዚህ ጋር ይቀራረባል፤ ጥቃትን ያወቀ ወይም የጠረጠረ መምህር በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቅ አዝዞ፣ ዝም ያለውን በዲሲፕሊን እንዲጠየቅ አድርጓል። ግዴታ ለጠቋሚውም መሸሸጊያ ነው። «ለምን አጋለጥከን?» ሲባል «ደንቡ አስገድዶኝ» ማለት ይችላልና።

ቀጣዩ ጥያቄ ለማን የሚለው ነው። ተጠርጣሪው መምህር ከሆነ ርእሰ መምህሩ፣ ርእሰ መምህሩ ከሆነ ባለቤቱ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱና ርእሰ መምህሩ አንድ ሰው በሚሆንበት ትምህርት ቤት ግን ውስጣዊው መሰላል ይቋረጣል። እንግሊዝ ውስጥ በእንዲህ ያለ ጊዜ ጥቆማው ትምህርት ቤቱን አልፎ በአካባቢው አስተዳደር ለዚሁ ወደ ተመደበ ሹም በቀጥታ ይሄዳል። በወረዳ ደረጃ ለዚህ የሚቀርቡት የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ፖሊስ ናቸው። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱም ፈቃድ ሲያድስ የመማሪያ ክፍሎችንና የመምህራኑን ማስረጃ ከመመርመር ጋር ጥቆማ ለማን እንደሚቀርብ የሚገልጽ ጽሑፍ በግድግዳ ላይ መለጠፉን ቢጠይቅ ወጪ አያስከትልበትም።

ጊዜን በሚመለከት ትምህርት ቤቶች የሚመርጡት «መጀመሪያ በኮሚቴ እናጣራ» የሚለው አካሄድ ከሁሉ ይበልጥ ያሰጋል። ከጥቃት በኋላ ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ የሕክምና ማስረጃም በየሰዓቱ ይጠፋል። ዓርብ የተነገረ ጥቆማ ለሰኞ ስብሰባ ከተቀጠረ፣ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤውን ሲከፍት ሦስቱ ቀናት አልፈዋል።