ነሐሴ 15 እና በክፍላችን ያሉ ልጆች

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳለፈው ውሳኔ ነሐሴ 15 (ኦገስት 21) የሽብር ጥቃት ሰለባዎች መታሰቢያ ቀን ሆኗል። «ይሄ ደግሞ ከኛ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ተማሪ አይጠፋም።

እኛ ያለነው ጋቦዴ፣ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ነው። እዚሁ ከተማ እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 1987 ኢስቶሪል ቡና ቤት በፈነዳ ቦምብ ከ10 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ሜይ 24 ቀን 2014 (ግንቦት 16 ቀን 2006 ዓ.ም.) ደግሞ ላ ሾሚዬር ምግብ ቤት ሁለት አጥፍቶ ጠፊዎች አንድ የቱርክ ዜጋ ገድለው ብዙ ሰው አቆሰሉ። ኃላፊነቱን የወሰደው አልሸባብ ነው። ከሁሉ በፊት፣ አገሪቱ ነፃ ሳትወጣ፣ በፌብሩዋሪ 1976 የፈረንሳይ ወታደሮችን ልጆች የጫነ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ታግቶ ሎያዳ ድንበር ላይ አደረ፤ በማግስቱ ለማስለቀቅ ተኩስ ሲከፈት ሁለት ሴት ልጆች ሞቱ። ከተረፉት መካከል ያን ሌሊት በአደባባይ ለመናገር አርባ ዓመት የፈጀባቸው አሉ።

እንግዲህ ለመምህር ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ልጁ የሚናገርበትን ጊዜ የሚመርጠው ራሱ ነው። «ምን አየህ? ማን ሞተ?» ብሎ በክፍል ፊት መጠየቅ ቁስሉን መነካካት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያም ሦስት ነገር ብቻ ይላል፤ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ማገናኘት ሲባል ልጁን ከቤተሰቡ፣ ከጤና ጣቢያው፣ ከሚያምነው ሰው ጋር ማለት ነው። የተለመደው የትምህርት ሰዓት ሳይዛባ መቀጠሉም ያረጋጋል። በር ሲጋጭ የሚደነግጥ ተማሪ ካለ መውጫውን ወደሚያይበት ቦታ ቢቀመጥ ጥሩ ነው፤ ይሄ ምንም ወጪ የለውም።

አንድ ነገር ግን ደጋግመን እንላለን። የአልሸባብ ስም ሲነሳ ወደ ሶማሌው ተማሪ ዞር ብሎ ማየት ነውር ነው። ከማንም በላይ አልሸባብ የጨረሰው ሶማሌዎችን ነው፤ አሊ አዴ ካምፕ ካሉት ብዙዎቹ ከዚያው ጦርነት የሸሹ ናቸው። እኛም ሐዘኑን እናውቀዋለን። በኤፕሪል 2015 አይሲስ ሊቢያ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ሲገድል አገሪቱ ሦስት ቀን የሐዘን ቀን አውጃለች።

ነሐሴ 15 ክረምት ስለሆነ መታሰቢያው ትምህርት ሲከፈት ቢደረግም ይሆናል። ሻማ የሚያበራ ያብራ፣ ዱዓ የሚያደርግ ያድርግ። ውጪ ሆኖ መጠበቅ የሚሻ ልጅ ካለ ለምን ሳይባል ይውጣ፣ አንድ መምህርም አብሮት ይቀመጥ።