ገና ያልተወለደ ወለድ

በአቃቂ ቃሊቲ፣ በቱሉ ዲምቱ ወይም በገላን ኮንዶሚኒየም በባንክ ብድር ቤት የያዘ ሰው ጠቅላላ ዕዳውን ሲያስብ ብዙ ጊዜ የሚቀናው የወር ክፍያውን በቀሩት ወራት ማባዛት ነው። ያ ሁሉ ብር ከኪስ መውጣቱ ስለማይቀር ስሌቱ ትክክል ይመስላል። ግን ድምሩ ዕዳ አይደለም። ዕዳ ማለት ዛሬ ባንክ ሄዶ «ሒሳቤን ልዝጋ» ያለ ሰው የሚጠየቀው ገንዘብ ነው፦ ያልተከፈለው ዋና ብር፣ እስከዚያች ቀን የታሰበው ወለድ፣ ውዝፍ ካለም ቅጣቱ። ስሙ እንደሚናገረው ወለድ ከገንዘብና ከጊዜ የሚወለድ ነገር ነው፤ የመጪዎቹ ዓመታት ወለድ ደግሞ ገና አልተወለደም።

ነገሩን በቁጥር ቀረብ ብለን እንየው። የ20/80 ቤት ገዢ ከዋጋው 20 በመቶውን ቆጥቦ ይከፍላል፤ ቀሪውን 80 በመቶ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ብድር ይሸፍናል። ለስሌት ያህል ብድሩ 300,000 ብር፣ ወለዱ 9.5 በመቶ፣ መክፈያ ጊዜው 20 ዓመት ይሁን። የወር ክፍያው 2,796 ብር ገደማ ይመጣል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ውስጥ 2,375 ብሩን ወለድ ይወስደዋል፤ ከዋናው ላይ የሚቀነሰው 421 ብር ብቻ ነው። አንድም ወር ሳይጓደል 10 ዓመት ከተከፈለ በኋላ «ግማሹን ጨረስኩ» የሚል ተበዳሪ ይኖራል፤ እሱም ተሳስቷል። ዋናው የቀነሰው በ84,000 ብር ገደማ ነው፤ 216,000 ብር ገና ይቀራል። በቀሩት 120 ወራት ያባዛው ደግሞ «335,000 ብር አለብኝ» ይላል። አንዱ ዕዳውን በ66,000 ብር ያሳንሰዋል፣ ሌላው በ119,000 ብር ያገዝፈዋል።

ልዩነቱ የቃላት ክርክር የማይሆነው ውሳኔ ስለሚለውጥ ነው። በዚያው በ10ኛው ዓመት እቁብ ወጥቶለት 100,000 ብር እጁ የገባ ሰው እናስብ። ዕዳዬ 335,000 ነው ብሎ ካመነ፣ ብሩን ቢከፍል 235,000 እንደሚቀረው ያስባል፤ ያ ደግሞ ተስፋ ያስቆርጣል። በእውነቱ ግን ብሩን ከዋናው ላይ አስቀንሶ የወር ክፍያውን እንደወትሮው ቢቀጥል ቀሪው 120 ወር ወደ 51 ወር ይወርዳል፤ 94,000 ብር ገደማ ወለድም ሳይወለድ ይቀራል። ይህን ሲያደርግ ውሉ ላይ ያለጊዜው ለመክፈል የተጻፈ ቅጣት መኖር አለመኖሩን ማየት፣ ብሩም ለመጪ ወራት ቅድሚያ ክፍያ ተብሎ እንዳይመዘገብ ቅርንጫፉን መጠየቅ አለበት።

አበዳሪውም ቢሆን የሚቆጥረው እንዲሁ ነው። ባንክ በሒሳብ መግለጫው ላይ እንደ ሀብት የሚይዘው ያልተመለሰውን ዋናና እስከ መዝጊያው ቀን የታሰበውን ወለድ እንጂ የመጪዎቹን 20 ዓመታት ወለድ አይደለም። አገርም በዚሁ ሚዛን ትመዘናለች። ኢትዮጵያ ኅዳር 2007 ዓ.ም. የሸጠችው ዩሮቦንድ የተባለ የብድር ሰነድ ወለዱ 6.625 በመቶ፣ ዕድሜው 10 ዓመት ነበር። የ10 ዓመቱ ወለድ ከ660 ሚሊዮን ዶላር ቢበልጥም ሁሉም የሚጠራው የ1 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ብሎ ነው። ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ላይ ሳይከፈል የቀረው 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ግን የመክፈያ ቀኑ ደርሶ ያለፈ ነውና ዕዳ ሆነ። የአንድ ቤተሰብ ውዝፍም እንዲሁ ነው፤ ያመለጡ ወራት ወለድና ቅጣት ያለ ጥርጥር ይደመራሉ።

«ታዲያ እቁብ ቀድሞ የወሰደ ሰው የቀሩትን ዙሮች በሙሉ ዕዳዬ ብሎ ይቆጥር የለም?» የሚል ይኖራል። አዎ፣ መቁጠርም አለበት፤ የእቁብ ቀሪ ክፍያ ግን ወለድ የሌለበት፣ ሁሉም ዋና ነው። ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ወለዱ ካልተቆጠረ ሰው ይዘናጋል የሚለው። ስጋቱ እውነት አለው፤ ከ300,000 ብር ብድር በስተጀርባ 671,000 ብር ክፍያ እንዳለ ተበዳሪው ሳይፈርም በፊት ማወቅ አለበት። ያ ቁጥር ግን የብድሩ ዋጋ ነው፤ ቦታውም ብድሩን ከሌላ ብድር ወይም ከቤት ኪራይ ጋር ሲያነጻጽሩ ነው። ደግሞም የዛሬ ብርና ከ20 ዓመት በኋላ የሚከፈል ብር አንድ አይደሉም። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር ያየ ሰው ሁለቱን እኩል አድርጎ ሊደምር አይገባም። የነገውን ወለድ ከዕዳ የሚደምር የነገውንም ደመወዝ ከሀብቱ ይደምር።

ይህ የዕዳ አቆጣጠር የማይሠራበት ቦታም አለ። ወለዱ ለሙሉው ጊዜ አስቀድሞ ተሰልቶ ከዋናው ጋር በአንድ ላይ የተፈረመበት ብድር፣ ወይም በስልክ ተወስዶ የአገልግሎት ክፍያው ወዲያው የታሰበበት፣ ቶሎ ቢከፈልም ላይቀንስ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሙሉ ዕዳ ነው። አራጣ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው፦ 100,000 ብር ተሰጥቶ 150,000 ብር የተጻፈበት ወረቀት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግለሰቦች መካከል ያለን የብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳያልፍ ይገድባል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም አራጣን ያስቀጣል። እንዲህ ባለ ወረቀት የተያዘ ሰው የተጻፈውን ቁጥር ዕዳዬ ብሎ ከመቀበሉ በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክር።