የእሳት እራት ለምን ወደ መብራት ትመጣለች?

ክረምት ሊገባ ሲል ማታ መብራት የበራበት ቤት ሁሉ ሳይጠራው የሚመጣ እንግዳ አለው። ከፋኖስ ነበልባል እየገባች ስትቃጠል ስለምትታይ ስሟ «የእሳት እራት» ተባለ። ስሙ ያማረ ነው፤ ነገር ግን እውነቱን ሁሉ አይገልጽም።

እኛ ተፈጥሮን መመልከት የምንወድ ጓደኛሞች ጨረቃ በሌለችበት፥ ነፋስም በማይበረታበት ምሽት ነጭ አንሶላ በሁለት ዛፎች መካከል ወጥረን፥ ከፊቱ መብራት ሰቅለን እንጠብቃለን። የሚመጡትን ከቢራቢሮ መለየት አያስቸግርም። የቢራቢሮ የራስ ቀንዶች ጫፋቸው ያበጠ ሲሆን፥ የእነዚህ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ክር የቀጠነ ወይም እንደ ላባ የተበተነ ነው።

ታዲያ የሚመጡት ብርሃኑን ወደው ነውን? አይደለም። የሎንዶኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው በፈጣን ካሜራ መርምረው በጥር 2016 ዓ.ም. እንዳሳተሙት፥ በራሪ ነፍሳት ጀርባቸውን ወደ ብርሃን ያዞራሉ። በሌሊት ከምድር ይልቅ ሰማዩ ብሩህ ስለሆነ ላይና ታችን የሚለዩት በዚህ ነው። አምፑል ሲያጋጥማቸው ግን ጀርባቸውን ለእርሱ እየሰጡ ሲዞሩት ያድራሉ። እንግዲህ የእሳት እራት አቅጣጫ የጠፋባት እንጂ ሞት የናፈቃት አይደለችም።

ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፥ ከአንሶላው ላይ ከሚያርፉት መካከል የተምች እናት ልትገኝ ትችላለች እንለዋለን። በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው መጤ ተምች በቆሎውን የሚያጠፋው አባጨጓሬ ሳለ ነው፤ ክንፍ ሲያወጣ ግን የሌሊት በራሪ ይሆናል። አንዲቱ ሴት በዕድሜዋ ከ1000 በላይ እንቁላል ልትጥል፥ በነፋስ እየታገዘች በአንድ ሌሊት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ልትጓዝ ትችላለች። ስለዚህ የእርሻ ባለሙያዎች የሴቲቱን ሽታ በሚመስል መድኃኒት ወንዶቹን ወደ ወጥመድ እየሳቡ ይቆጥራሉ፤ ቁጥሩ ሲበዛ ገበሬው ማሳውን ቶሎ ቶሎ እንዲያይ ይነገረዋል። ስሟ የእሳት እራት ይባል እንጂ የዚህችስ ልጆች የሚበሉት የእኛን እራት ነው።

ሆኖም ሁሉም ጠላት አይደሉም። በዓለም ከታወቁት 160,000 ያህል ዓይነቶች ሰብል የሚያጠፉት ጥቂቶች ሲሆኑ፥ ብዙዎቹ በሌሊት የሚፈኩ አበቦችን ያዳቅላሉ። ወዳጅን ከጠላት ለመለየት ደግሞ ማየትና መመዝገብ ያስፈልጋል።

ስለዚህ አብሮን ሊወጣ የሚወድ ተማሪ ደብተርና እርሳስ ይያዝ፤ ቀኑን፥ ሰዓቱንና የአየሩን ሁኔታ ይጻፍ። ሲጨርስም መብራቱን ማጥፋት አይርሳ፤ ያን ጊዜ ሰማያቸውን አግኝተው ወደየመንገዳቸው ይሄዳሉና።