ተራራ ለምን ይተፋል?

እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ምድር ሃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ወጣ። ነፋስ ወሰደው፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ደረሰ፤ ከዚያም አልፎ ሕንድ ገባ። በአፍዴራ በኩል ግን ሣሩን ሸፈነው። ከብት ምን ይብላ? አርብቶ አደሩን ያስጨነቀው ይኸው ነበር።

ልጆች እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰሙ፣ «አባዬ፣ ተራራ ለምን እሳት ይተፋል?» ይላሉ። «ዝም በል!» ብንላቸው ፍርሃቱ ከልባቸው አይወጣም። ስለዚህ እናስረዳቸው።

ስሙ አያሳስተን። እሳት ይባል እንጂ ከመሬት ሥር የሚነድ እንጨት የለም። ያለው የጋለ ድንጋይ ነው። ከላይ ያለው መሬት ስለሚጫነው ድንጋዩ በቀላሉ አይቀልጥም። መሬት ሲሳሳና ሲሰነጠቅ ግን ጫናው ይቀንሳል። ያን ጊዜ ይቀልጣል፤ ሲቀልጥም ቀለል ስለሚል ወደ ላይ ይወጣል።

አፋር እንዲህ ያለ ቦታ ነው። እዚያ መሬት ቀስ እያለ ይለያያል፤ በዓመት የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ቢሆን ነው። አንዳንዴ ግን ይቸኩላል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ተከፈለ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ።

ታዲያ ለምን ይፈነዳል? ለዚህ ወጥ ቤት ይበቃናል። ቀጭን ሽሮ ሲንተከተክ እንፋሎቱ በቀላሉ ይወጣል። ገንፎ ግን ወፍራም ነው፤ እንፋሎቱን አፍኖ ይይዝና ድንገት ይተፋል፤ እጅ ያቃጥላል። ይህን እናቶች ከመምህር ይበልጥ ያውቁታል።

የቀለጠ ድንጋይም በውስጡ ጋዝ አለው። ቀጭን ሲሆን ጋዙ ይወጣል፤ ድንጋዩም እንደ ወንዝ ይፈሳል። ኤርታ አሌ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። ስሙ በአፋርኛ የሚጨስ ተራራ ማለት ነው። ወፍራም ሲሆን ግን ጋዙ ይታፈንና ይፈነዳል፤ ድንጋዩ ደቅቆ አመድ ይሆናል።

ይህ አመድ የምድጃ አመድ አይደለም፤ የደቀቀ ድንጋይ ነው። ዓይን ይቆረቁራል፤ ሳንባ ይጎዳል። አመድ ሲወርድ ልጆችን ቤት ማስገባት፣ አፍና አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን፣ እንስራውን መክደን ነው። ከብትም አመድ የለበሰ ሣር አይጋጥ።

ልጁ «ወደ እኛስ ይመጣል?» ቢል እውነቱን እንንገረው። እሳተ ገሞራ በየቦታው አይፈነዳም፤ መሬት በሳሳበት በስምጥ ሸለቆ በኩል ግን ብዙ አለ። ቢሾፍቱ የምትኖሩ ልጆቻችሁን ወደ ሆራ ሐይቅ ውሰዷቸው። ያ ጉድጓድ የተቆፈረው በጥንት ጊዜ የቀለጠ ድንጋይ ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ተገናኝቶ በመፈንዳቱ ነው። ዛሬ ወፍ ይዋኝበታል።