ኪስ ገብታ የምትቀር ሳንቲም
ልጆቻችሁ አሜሪካ ካሉ «ጂኦካቺንግ» የሚባለውን ጨዋታ ሳትሰሙ አትቀሩም። አንዱ በመናፈሻ ወይም በጫካ ትንሽ ዕቃ ይደብቃል፤ ሌላው በስልኩ ጂፒኤስ እየተመራ ያገኛል። የተጀመረው በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ኦሪገን ውስጥ ነው፤ የአሜሪካ መንግሥት የጂፒኤስን ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን ባቆመ ማግስት።

በዕቃው ውስጥ አንዳንዴ መለያ ቁጥር የተቀረጸባት ሳንቲም ትገኛለች። ያገኛት ሰው ቁጥሯን መዝግቦ ወደ ሌላ መደበቂያ ያሻግራታል፤ ባለቤቷም ጉዞዋን በኢንተርኔት ይከታተላል። ሳንቲሞቹ ግን ያምራሉ፣ ሰብሳቢም አላቸው። የዘጠኝ ዓመቱ የልጅ ልጄ ሳንቲም በሁለተኛው መደበቂያ ቀረች። በደወልኩ ቁጥር «እማማዬ፣ ዛሬም አልተንቀሳቀሰችም» ይለኛል። ከዚያ ራሱ የሰው ሳንቲም አገኘና «የእኔንም ወስደውብኛል» ብሎ ሊያስቀራት አማረው። «ባለቤቷም እንዳንተ እየጠበቀ ነው» አልኩት። ዝም አለ። ቅዳሜ ከአባቱ ጋር ሄዶ አሻገራት።

አሁን ዋናዋን ቤት አስቀምጦ ፎቶዋንና ቁጥሯን ላሚኔት አድርጎ ይልካል። ወረቀት ማን ይሰርቃል? እውነተኛዋን ካልላክን የሚሉ ይበሷታል፤ ለሰብሳቢ ዋጋዋ ይቀንሳል። «ተጓዥ ነኝ፣ አሻግሩኝ» የሚል ካርድ ማሰርም ደግ ነው፤ ጀማሪው ደንቡን ሳያውቅ ይወስዳልና ሁሉን ሌባ ማለት አልወድም። ቁጥሩ የሚታይበትን ፎቶ ግን ልጆቹ ኢንተርኔት ላይ አይለጥፉ፤ ሳንቲሟን በዓይኑ ያላየ ሁሉ «አገኘኋት» ብሎ ይመዘግባል።